ቤዛዊት የጠየቀችኝ ጥያቄ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከንስሐ አባቴና ከልጅቷ እናት በቀር ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው፣ ልጅ የምታስተምሩ ሰዎች ብታነቡት ብዬ ነው።

የምኖረው ጭሮ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ለአሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ቤዛዊት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ትዕግሥት ልብስ እየሰፋች ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ቤዛዊት ዝም ያለች ልጅ ናት፤ የምናገረውን ሁሉ ግን ከልቧ ትሰማለች።

አንድ እሑድ እግዚአብሔር ለአብርሃም ስለገባው ቃል ኪዳን አስተማርኳቸው። ሣራ አርጅታ ሳለች እንዴት ልጅ እንደሰጣቸው ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ያለውን ያደርጋል፣ የምንጠራጠረው እኛ ነን አልኳቸው። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ወጡ፤ እሷ ግን ቀረች።

ወደ አሰቦት ገዳም ልንጓዝ አንድ ሳምንት ቀርቶን ስለነበር የተጓዦችን ስም እየመዘገብኩ ነበር። አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያድነኛል ብሎ ያመነ ሰው መድኃኒት ከወሰደ ተጠራጠረ ማለት ነው?»

ከወረቀቱ ቀና አላልኩም። «ካመንሽ ምን ያስፈራሻል? እሱ ቃሉን አያጥፍም» አልኳትና ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ። እሺ ብላ ሄደች።

የሚጥል በሽታ እንዳለባት አላውቅም ነበር። በከተማው የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። ይተላለፋል እያሉ ልጄን ያገሉብኛል ብላ እናቷ ደብቃዋለች። ክኒኑን ጠዋትና ማታ እየወሰደች ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትወድቅ ቆይታለች።

የጉዞው ዕለት ደህና ነበረች። ተራራውን ከሁሉም ቀድማ ወጣች። በመልስ ጉዞ መኪናው ውስጥ ልጆቹ እየዘመሩ ሳለ፣ ሚኤሶ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን በሽታው ጣላት። መጀመሪያ የምትጫወት መስሎኝ ነበር። ኋላ አፏ አረፋ ሲደፍቅ ዘለልኩና ጭንቅላቷን ያዝኩ። ያቆማል ብለን ብንጠብቅ አላቆመም። ትንሽ ተወት ያደርጋትና እንደገና ይጀምራታል።

ሚኤሶ ጤና ጣቢያ ተሸክመን አስገባናት። ነርሷ መርፌ እየወጋቻት፣ መድኃኒቷን መጨረሻ የወሰደችው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን መድኃኒት አልኳት። ለእናቷ ስደውል ትዕግሥት ዛሬ ጠዋትም በእጄ ሰጥቻታለሁ አለችኝ።

የእናቷን ስልክ ቁጥር ፍለጋ የቤዛዊትን ቦርሳ ስከፍት ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አግኝቼ ነበር። ከስልኩ በኋላ ፈታሁት። የሳምንቱ ክኒን ነው፤ አንዱም አልተዋጠም። ያን ጊዜ ጥያቄዋ ትዝ አለኝ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅ ልታስከትብ የመጣች አንዲት የሚኤሶ ሴት አጠገቤ ቁጭ ብላ ትከሻዬን ይዛ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ረቢ ያውቃል» ትለኛለች፤ ፈጣሪ ያውቃል ማለቷ ነው። የቤዛዊት እናት መስያታለሁ። እናቷ አይደለሁም አላልኳትም።

ወደ ጭሮ ሆስፒታል በአምቡላንስ ስንወስዳት ዳገቱን ሳንጨርስ አረፈች። እጇ በእጄ ነበር።

በቀብሯ ላይ ትዕግሥት አንገቴን አቅፋ፣ እትዬ እንዲህ አለችኝ እያለች ውላ ታድር ነበር፣ እንዳንቺ የምትወደው ሰው አልነበራትም ብላ አለቀሰች። ያን ዕለት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠችኝ። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። «ስትጠይቅሽ ምነው ቀና ብለሽ ባየሻት» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ቦታ ትቀይራለች። አልፈርድባትም።

የንስሐ አባቴ፣ መድኃኒትንም የሰጠን እግዚአብሔር መሆኑን ለልጆች ማስተማር ነበረብሽ አሉኝ። ይህን እኔም አውቅ ነበር። የራሴን የደም ግፊት ክኒን አንድ ቀን አስተጓጉዬ አላውቅም።

ማስተማሩን ትቻለሁ። ተመለሺ ሲሉኝ አመመኝ እላለሁ። እግዚአብሔር ቃሉን አጠፈ ብዬ አላውቅም፤ ልጅቷን በእሱ ስም በችኮላ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ብዬ በየቀኑ እጸልያለሁ። ይቅር እንደሚል ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ማመን አቅቶኛል።