ያልደረሰው ጸበል

ይህን ነገር እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ ፊደል ስለቆጠርኩ ግን መጻፍ እችላለሁ።

በኅዳር በሽታ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው እሪ በከንቱ ነው፤ እኔና ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ በላይነሽ። ባላቸው በበሽታው ሞተው በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን እሳቸውንም ትኩሳት ጣላቸው። ጠዋት ቅል ሰጡኝና ከቤተ ክርስቲያን ጸበል እንዳመጣ ላኩኝ።

አልደረስኩም። ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ተከታትለው ዳገቱን ሲወጡ አየሁና ተመለስኩ። ቅሉን ከሰፈራችን በታች ካለው ወንዝ ሞላሁት። እኔ ነኝ የሞላሁት። ማንም አላዘዘኝም። እትዬ አማትበው ጠጡ። የተረፈውንም፣ «እንቺ፣ አንቺንም ይጠብቅሽ» ብለው ሰጡኝ። እኔ ከንፈሬን ብቻ አስነካሁ። እሳቸውን ያጠጣሁትን ውሃ እኔ ተጸየፍኩት። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

እትዬ ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ቤታችንን ሲያፈርስብን፣ የሚላስ የሚቀመስ ሲጠፋ፣ «ያኔ በጸበሉ ያተረፈኝ አምላክ ዛሬም አለ» ይላሉ። በሰማሁ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። እምነታቸው የቆመው በእኔ ውሸት ላይ ቢሆንስ? ብናገር ይፈርስባቸው ይሆን? እያልኩ አሥር ዓመት ዝም አልኩ። ለእሳቸው ያዘንኩ መሰለኝ እንጂ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

በዚህ ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ታመመ። እትዬ ለእናቱ፣ «ጸበሉን እሷ ታምጣለት፤ እኔን ያዳነኝ እጇ ነው። አፏን ለእህል ብቻ ብትከፍትም እግሯ ፈጣን ነው» ብለው ሳቁ። ሴትየዋ እንደወጣች እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

እሳቸውም፣ «እኔ የለመንኩት ወንዙን መሰለሽ?» አሉኝ። ቅሉንም አንስተው፣ «በይ ተነሺ። ለልጁም ለእኔም አምጪ፤ የእኔው እስካሁን አልደረሰም» አሉኝ።

ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። ቅሉን ይዤ ያንን ዳገት ወጣሁ። የልጁን ለእናቱ አድርሼ የእትዬን ይዤ ገባሁ። አማትበው ጠጡና የተረፈውን እንደዚያን ቀን ዘረጉልኝ። ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።