እስከ ነገ አይቆይም

የእህቴን ባል ሰፈሩ «በርሜል» ነው የሚለው። ወፍሮ አይደለም፤ ንፋስ የሚጥለው ሰው ነው። ጋዜጣ ላይ ስለ ነዳጅ ገበያ መጻፍ የጀመረው ገጹን ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ፊቱን ሳይታጠብ የበርሜል ዋጋ ያያል። ጽሑፉ ሁሉ «ሊጨምር ይችላል፤ ላይጨምርም ይችላል» ብሎ ያልቃል። ራት ይቅረብ ወይ ሲሉት እንኳ፣ «ፍላጎቱ አለ፤ የሚያሳስበው አቅርቦቱ ነው» ይላል። እህቴ እንዴት እንደቻለችው እንጃ!

ሰው ግን ጽሑፉን ትቶ እሱን ማንበብ ጀመረ። ማደያ ደጃፍ ከታየ፣ «በርሜል ተሰልፏል፤ ሊጨምር ነው!» ተብሎ ሰፈሩ ጄሪካኑን ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ነዳጅ ይጠፋል፤ እሱም ስለ እጥረቱ ይጽፋል። በኋላ ማደያ መሄድ ፈራ። የነዳጅ ዐዋቂው መኪና ሁልጊዜ ባዶ ሆነች።

እህቴን ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ሲይዛትም መኪናዋ ባዶ ነበረች። እኔ ከኋላ ደግፌያት፣ እሱ እንዳይታወቅ ሻርፔን ተከናንቦ፣ በጭላጭ ነዳጅ ማደያው ደረስን። ወርዶ ቀጂውን ተጠጋና በሹክሹክታ፣

«ወንድሜ፣ በእናትህ አስቀድመኝ። እስከ ነገ አይቆይም» አለው።

ልጁን ማለቱ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ከሰልፉ አንዱ ሰማው።

«በርሜል ነው! ዋጋው እስከ ነገ አይቆይም አለ!»

ጉድ ፈላ። ከየት መጣ የማይባል ጄሪካን ቀጂውን ከበበው። እኛ ጋ ሳይደርስ ነዳጁ አለቀ። እህቴ እጄን ጨምቃ ትጮኻለች፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ይሄኔ የጋዜጣው አለቃ ደወለለት።

«ከተማው ታምሷል! ዋጋው እስከ ነገ አይቆይም የሚለው ወሬ ምንጩ ማን ነው?»

«ሚስቴ ናት።»

«ታማኝ ናት?»

ስልኩን ነጥቄ ዘጋሁትና በመስኮት ጮህኩ። «እናንተ ሰዎች፣ የማይቆየው ዋጋው አይደለም፣ ልጁ ነው!»

አንድ ሽማግሌ የሞላ ጄሪካናቸውን አዩት።

«እና አይጨምርም?»

«አይጨምርም፣ አባቴ!»

«ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለው እኛ መኪና ውስጥ ገለበጡት።

ሆስፒታል ደረስን። ሴት ልጅ ተወለደች። አዋላጇ መዝና ፊቷ ጨለም አለ።

«ኪሎዋ በጣም ትንሽ ነው» አለች።

በርሜል ሻርፔን እንደተከናነበ አቀፋት። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ትጨምራለች» አለ።

ትችላለች አላለም።