መሪው እምቢ ያለበት ክረምት

ካርቱም ብዙ ዓመት ሾፌር ሆኜ ስኖር፣ መኪና ጠጥቶ እንደመጣ ሰው ሲንገዳገድ ያየሁት አንድ ክረምት ብቻ ነው። ያውም በእኔ እጅ ተይዞ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። የምሠራው ቡሪ የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ቤት ነበር። ሐጃ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ፀጉሬ ሸብቶ እያዩ «ያ ወለዲ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ባላቸው ሲሞቱ አንድ አሮጌ ፎርዊል መኪና ትተውላቸዋል፤ ባሌስትራዋ ተኝቶ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ። የሐጃ ታላቅ እህት ደግሞ ጀብራ ሰፈር ታመው ተኝተዋል። ጀብራ ያኔ በበጋ አሸዋ፣ በክረምት ጭቃ ነው፤ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ሲሄድ የኛ መኪና መሃል ላይ በሆዷ ተኝታ ትቀራለች። ስለዚህ ሐጃ ዝናቡ ሳይገባ «ከፍ አስደርጋት፤ እህቴን ሳላያት ክረምቱ እንዳያልፍብኝ» አሉኝ።

የወሰድኳት መካኒኮች ሰፈር ላለ ላገሬ ልጅ ነው። ጦር ሠራዊት እያለ የከባድ መኪና መካኒክ የነበረ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ወረቀት ስለሌለው ዘለጥ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ ማለቴ ነው፣ መኪና ይዞ አይወጣም፤ ፖሊስ ይፈራል። የሠራውን የሚሞክረው ከጋራዡ ጀርባ ባለው አሸዋ ሜዳ ላይ ነው። አሸዋ ላይ ደግሞ የትኛውም መኪና ይዋልላል፤ ጤነኛውም በሽተኛውም አንድ ነው።

ባሌስትራው የሚንጠለጠልባቸውን ብረቶች በረጃጅም ለወጣቸው። መኪናዋ እንደ ግመል ተነሥታ ቆመች። ሐጃ ለመሳፈር በርጩማ አስፈለጋቸው። «ወደ ሰማይ ልትወስደኝ ነው እንዴ፣ ያ ወለዲ?» ብለው ሣቁ።

ሣቁ ከቡሪ ሳንወጣ አለቀ። ዘለጥ ላይ ወጥቼ ፍጥነት ስጨምር መሪው እጄ ውስጥ ሞተ። እኔ ቀጥ አድርጌ ይዤው መኪናዋ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ስመልሳት አልፋ ወደ ቀኝ። ፊታችን አህያ የሚጎትተው የውሃ ጋሪ ነበር። እንዴት እንዳለፍኩት እስካሁን አላውቅም። ባለ ጋሪው አለንጋውን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። ሐጃ አልጮኹም። ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨብጠው «አላህ ይስቱር፣ እሱ ይሰውረን» አሉ፤ ቤት እስክንመለስም አልለቀቁትም።

መካኒኩ መጀመሪያ መሪውን ከጎማው የሚያገናኙትን ቴስቲኒዎች ለወጠ። አልሆነም። የመሪውን ጥርስ አጠበቀ፤ መሪው ከበደ እንጂ መኪናዋ አልታረመችም። ጎማ አቀያየርን። በመጨረሻ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አያትና፣

«ጋሼ፣ ብስክሌት ነድተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ድሮ።»

«ሹካዋ ከላይ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው። እጅህን ብትለቅ እንኳ ቀጥ ብላ የምትሄደው ለሱ ነው። እኛ ይቺን ስናነሣት የፊት ጎማዎቹን የያዘው አክስሏ ወደ ፊት ተደፋ። ጋደል ማለቷን ወሰድንባት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሽብልቅ።»

እንጨት ስንፈልጥ የምናስገባው ዓይነት ነው፤ በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን የሆነ ብረት። በባሌስትራውና ከላዩ በተቀመጠው አክስል መሃል፣ በግራም በቀኝም ይገባል፤ ወፍራሙ ወገን ወደ ፊት ሆኖ። ያን ጊዜ አክስሉ ተመልሶ ጋደል ይላል።

የግራውን አስገብቶ አጥብቆ እንደጨረሰ የቁርስ ትሪ መጣ። ሱዳን ውስጥ የረፋዱ ፉጡር ሲቀርብ ሥራ የለም። ፉሉ፣ ሽንኩርቱ፣ ዳቦው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ «ተፈደሉ»፣ ኑ ብሉ፣ ከተባልክ መፍቻህን ባለበት ጥለህ ትሄዳለህ። አልራበኝም ማለት ሰውን መስደብ ነው። ሄድን፣ በላን፣ ሻይ ጠጣን፣ ተጫወትን። ስንመለስ መኪናዋ በሁለቱም በኩል ታስራ አገኘናት። ጎረቤት ያለው ሱዳናዊ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ቀድሞን በልቶ ተነሥቶ ኖሮ የቀኙን ጨርሶልናል። እዚያ አገር ያለ ነው፤ ሰው ጎረቤቱ ሥራ ላይ እጁን አጣጥፎ አይቆምም። አመሰገንነው። መካኒኩ ብሎኖቹን በመፍቻ ነካ ነካ አድርጎ፣ አሸዋው ላይ አዟዟራትና «አለቀላት» አለኝ።

ዘለጥ ላይ ወጣሁ። ያችው ናት።

ተመልሼ ስነግረው እጁን በቡትቶ እየጠረገ ሰማኝ። «ጋሼ፣ ከብረት ወገን ያልነካሁት የለም። እንግዲህ የቀረው የያዛት እጅ ነው።» ቀልዱ ነው። በዙሪያው የነበሩት ሣቁ፤ እኔም ሣቅኩ። ከእኔ በቀር ግን ዘለጥ ላይ የያዛት ሰው የለም። እውነትም እጄ ቢሆንስ? ሾፌር እጁ ከከዳው ምን ይቀረዋል?

ባለቤቴ የወሎ ሰው ናት፤ ካርቱም ሁለት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትገባ ነገሩን ነገርኳት። ብርጭቆ ውሃ እስከ አፉ ሞልታ አመጣች።

«እስቲ ያዛት።»

«አልጠማኝም።»

«ጠጣ ማን አለህ? ያዛት ነው ያልኩህ።»

ያዝኩት። እሷም እኔም እያየነው ውሃው በጠርዙ ፈሶ ጉልበቴ ላይ ተንጠባጠበ።

«ተወው፣ እኔው ነኝ ውሃውን ያበዛሁት» አለች። «አንተን አምኜ ስንት በረሃ አቋርጬ፣ ዛሬ በብርጭቆ ውሃ ልጠርጥርህ?» አፏ እንዲያ ይላል፤ ዓይኗ ግን እጄ ላይ ነበር።

ሐጃም «ዛሬ አልወጣም፣ እግሬን ያመኛል» ማለት አበዙ። እውነቱን ለመናገር እፎይ አልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ታዲያ፣ የሃፍላው፣ የሕዝብ አውቶቡሱ፣ መቆሚያ ላይ ነጭ ቶብ የተከናነቡ አሮጊት ፀሐዩ ውስጥ ቆመው አየሁ። ሐጃ ናቸው። መኪናቸው ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ቆማ፣ እሳቸው እህታቸውን ለመጠየቅ ሃፍላ ውስጥ ሊጋፉ ነው። ወደሳቸው ተሻገርኩ። ሲያዩኝ የቶባቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ሰው ማየት ናፍቆኝ እኮ ነው፣ ያ ወለዲ። መኪና ውስጥ ሰው አይታይም» አሉኝ።

እጄን ፈርተዋል። እንዳይከፋኝ ብለው ጤነኛ እግራቸውን አሳመሙ። ቢያባርሩኝ ያን ያህል አልደነግጥም ነበር።

በማግስቱ ቁልፉን ልመልስላቸው ቆረጥኩ። የሚተካኝ ሰው የተዝረከረከ መኪና እንዳይረከብ ብዬ በጧት አጠብኳት፤ ግሪስ ላጠጣት ጆንያ አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። በግራ በኩል ጭቃውን ስጠርግ ጣቴ ሽብልቁን ነካ፤ ወፍራሙ ወደ ፊት። ወደ ቀኝ ዞሬ ጠረግሁ። ከፊት ያገኘሁት ቀጭኑን ነው። ጣቴን አላመንኩትም፤ እጄን ማመን ትቼ ከርሜያለሁ። ከኋላ ዳሰስኩ። ወፍራሙ እዚያ ነው። አንዱ አክስሉን ወደ ኋላ ሲያጋድል ሌላው ወደ ፊት ይደፋዋል፤ ሁለቱ ሲጓተቱ መኪናዋ እንደነበረች ቀርታለች። ቁልፉን መመለሱን ትቼ ከሥሯ ወጣሁ።

የዘለጡን ዳር ይዤ፣ ቀስ ብዬ መካኒኩ ዘንድ ደረስኩ። ሥሯ ገብቶ አየ፤ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ቀጥቃጩን ጠራው። እሱም አጎንብሶ አየና ግንባሩን ያዘ።

«ወላሂ፣ ልረዳችሁ ብዬ ነው። ብረት ብረት ነው ብዬ ከተትኩት።»

«እኔስ ሳላየው አይደል ያጠበቅሁት» አለ መካኒኩ። ወደኔ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «ጋሼ፣ ያን ቀን ስለ እጅህ ያልኩት…»

«ፍታው» አልኩት። «የእጄን ነገር ኋላ ታወራዋለህ።»

ፈትቶ ሽብልቁን ማዞር ጀመረ። ትሪው መጣ፤ «ተፈደሉ» ተባለ። ያን ቀን ማንም አልተነሣም። ቀጥቃጩ ራሱ ባትሪ ይዞ እያበራለት፣ የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ፉሉ ቀዘቀዘ።

ዘለጥ ላይ መሪውን በሁለት ጣቴ ብቻ ያዝኩት። ቀጥ ብላ ሄደች። ጥግ ይዤ አቆምኳትና እጆቼን አየኋቸው።

ለሐጃ «በሽታው ከመኪናዋ ነበር» አልኳቸው። እንዳላመኑኝ ከዓይናቸው ያስታውቃል። እምቢ ብለው ሊያስከፉኝ ግን አልፈለጉም፤ በርጩማውን ረግጠው ወጡ፣ መያዣውን ጨበጡ። ከቡሪ ወጣን። አንድ ከባድ መኪና በጎናችን ሲያልፍ ነፋሱ ገፋን፤ የኛዋ ከመስመሯ ንቅንቅ አላለችም። ሐጃ መሪውን አዩ፣ ከዚያ እጄን አዩ። ወደ ጀብራ ስንታጠፍ በመስኮት የገባው ነፋስ ቶባቸውን ከራሳቸው አወረደው። መያዣውን ለቀው ቶባቸውን መለሱ፤ ሁለቱንም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ያ ወለዲ» አሉኝ፣ «ዳቦ ቤቱ ጋ ጥግ ያዝልኝ። እህቴ ዘንድ ባዶ እጃችንን አንገባም።»