በሁለቱ መስታወት መካከል የገባው ጉም

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገዛነው ቤት በጓሮ በኩል ሰንሩም አለው፤ ሦስት ጎኑ መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል። ቤቱን ልናይ የመጣን ዕለት ባለቤቴንም እኔንም የማረከን እሱ ነበር። ከገባን በኋላ ግን መስታወቶቹ አንድ በአንድ ይደፈርሱ ጀመር። ጠዋት ሲታዩ ጉም የለበሱ ይመስላሉ። ከውስጥ ወለወልኩ፣ መሰላል አቁሜ ከውጭም ወለወልኩ፤ አልለቀቀም።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር ክፍሉ የእሷ ሆነ። እኛ ወደ ሥራ ስንወጣ ወንበሯን ወደ ጓሮው አዙራ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ዳዊቷን ትደግማለች።

"እንዲህ ደፍርሶ ምን ይታይሻል?" ስላት፣

"ምን ላይ ብዬ" ትለኛለች።

እንዳላስብ ብላ የምትለው ይመስለኝ ነበር።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ መስኮት በመግጠም የሚተዳደር ሐበሻ አገኘሁና መጥቶ አየልኝ። ጣቱን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ እያስኬደ፣ "እህቴ፣ ይሄ በመወልወል አይለቅሽም" አለኝ። "ዳብል ፔን ነው፤ ሁለት መስታወት ተደርቦ። ዙሪያውን የያዘው ማሸጊያ ለቆ እርጥበት መሃል ገብቷል። ፍሬሙ ደህና ስለሆነ መስታወቱን ብቻ በአዲስ ሪፕሌስ እናደርገዋለን።"

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እጄ ከማይደርስበት ነገር ጋር ነበር የምታገለው።

ለክቶ ሄደ። አዲሶቹ ተሠርተው ሲደርሱ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ገጠማቸው። ጓሮው ፍንትው ብሎ ታየ፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤታችን ወጥ ቤት ሳይቀር። እናቴም "እጅህ ይባረክ ልጄ" ብላ መረቀችው።

ከዚያ በኋላ ግን ወደዚያ ክፍል መግባት ተወች። ዳዊቷን መኝታ ቤቷ ሆና መድገም ጀመረች። ስጠይቃት "ይበርዳል" አለችኝ። አዲሱ መስታወት ከድሮው ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ቢሆንም ሂተር ገዝቼ አስገባሁላት፤ አልገባችም።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን መኪናውን እንዳቆምኩ፣ ከመውረዷ በፊት፣ "እማዬ፣ ምን አስቀየምኩሽ?" አልኳት።

እጇን በሩ ላይ አደረገች። "አላስቀየምሽኝም። ወንድምሽን የማለቅሰው እዚያ ክፍል ነበር። አሁን ሰው ያየኛል።"

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ከመጣች ወዲህ ስሙን በቤታችን አንስተን አናውቅም፤ እኔ ሐዘኗን እንዳልቀሰቅስባት፣ እሷ እኔን እንዳታሳዝነኝ።

"መጋረጃ ላድርግልሽ?" አልኳት።

"መጋረጃ ሲዘጋ ማልቀሴን ታውቂያለሽ። ካወቅሽ ደግሞ ሥራ ላይ ሆነሽ ስታስቢ ትውያለሽ።"

"ብውልስ? ወንድሜ አይደለም እንዴ?"

ዳዊቷን ከጭኗ ላይ አንስታ ወረደች።

መጋረጃውን ለማንኛውም ሰቀልኩት። ከሥራ ስመለስ አንዳንድ ቀን ተዘግቶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እንዳላየ አልፍ ነበር፤ ኋላ ግን ሌላ ወንበር አስገብቼ አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ። ብዙውን ጊዜ አናወራም። በቀደም ግን ከመሬት ተነስታ፣ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል የተገዛለትን አዲስ ጫማ ግራና ቀኙን አዟዙሮ አጥልቆ ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ እንዳሳየ አጫወተችኝ። እኔ ሳልወለድ የሆነ ነገር ነው፤ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ያን ዕለት እራት ዘገየ።