የቡልቡላው አረንጓዴ በር

ከአዳማ የተነሳሁት ሰው ላሳፍር ነው። ሌላ ምክንያት አልደረድርም። ጽጌ ሚኒስትር ሆና ሻሸመኔ ላይ ነጋዴ ልትሰበስብ እንደምትመጣ በሬዲዮ ሰማሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አዳማ በአንድ የግብር ቢሮ እሷ አዲስ ተቀጣሪ ኦዲተር፣ እኔ ጥበቃ ነበርን። መስክ ስትወጣ ሙጫውንና «ታሽጓል» የሚለውን ወረቀት ተሸክሜ የምከተላት፣ ግብር ያልከፈለ ሱቅ በር ላይ የምለጥፈውም እኔ ነበርኩ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

አንድ ቀን ቡልቡላ ላይ የባለሱቅ ስም ያለበትን ወረቀት ሰጥታኝ «ጋሽ ደምሴ፣ ይህን ይለጥፉልኝ» ብላ ወደ ቀበሌ ሄደች። ሁለት ሱቅ ጎን ለጎን ቆሟል፤ የሁለቱም በር አረንጓዴ። ሰው እንዳልጠይቅ አፈርኩ። የማይገባው በር ላይ ለጠፍኩት። በሳምንቱ ከመስክ አወጡኝና ግቢው በር ላይ ቆምኩ። እሷ ብዙም ሳትቆይ አዲስ አበባ ተዛወረች፣ ኃላፊ ሆነች፣ ዳይሬክተር ሆነች፣ አሁን ደግሞ ይኸው። እኔ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ፊደል ቆጠርኩ። ዕውቀት ጠምቶኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

ኪሴ ውስጥ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት አለ፦ «ማንበብ መቻሌን ሳትጠይቂ ላክሽኝ። ጥፋቱን በእኔ ላይ ጥለሽ አንቺ ወጣሽ።» ስብሰባው ላይ ቆሜ ላነበው ነው። ምስክር እንድትሆነኝ ደግሞ በመንገዴ ሱቋ በስህተት የታሸገባትን ሴትዮ ልይዝ አሰብኩ።

ቆቃ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

አሮጌውን መንገድ በሚኒባስ ያዝን፤ እስከ ቡልቡላ ሦስት መቶ ብር። ሞጆ ላይ የጭነት መኪና ሰልፍ አቆመን። ማንበብ ዘግይቶ የያዘው ሰው ዓይኑ አያርፍም፤ ጎማ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ «የሚሸጥ ቤት» የሚለውን ሁሉ አነበብኩ።

ቆቃ ላይ ሾፌሩ ለቁርስ ወረደ። ሐይቁ ዳር አሣ በዳጣ በላሁ፤ እሾሁ ይበዛል፣ ዋጋውም። አብሮኝ የተቀመጠ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ወደ ስብሰባው እንደምሄድ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«ሴትዮዋ የዋዛ እንዳትመስልዎ። ድሮ ሱቃችን መጥታ መዝገቡን ገፋ አድርጋ በቀጥታ ጓሮ ገባች። የለስላሳ ባዶ ሳጥን ቆጥራ ስንት እንደምንሸጥ ነገረችን!»

«ጓሮውን እዪ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩት። እውነቴን ነው። በር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ነጋዴ ፊት ለፊት ምን እንደሚያሳይ፣ ከኋላ ምን እንደሚደብቅ አውቃለሁ።

ከት ብሎ ሳቀ። «እሷን ያስተማሩ ሰው፣ አባቴ፣ ምነው ታዲያ ከእኛ ጋር በሚኒባስ ተጣበው ይሄዳሉ?»

አሣውን ትቼ ተነሳሁ። እስከ መቂ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ሄድኩ። የቲማቲሙን ማሳ፣ የሽንኩርቱን ጆንያ አየሁ። ከዝዋይ ወዲያ ግራሩ ሳሳ፤ መንገድ ዳር የከሰል ጆንያ ብቻ ተደርድሯል።

ቡልቡላ፣ አምስት ሰዓት

በሩ ዛሬም አረንጓዴ ነው። የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ሐሊማ፣ በአገሬው አጠራር አዴ ሐሊማ፣ አርጅተዋል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስኳር ይመዝናሉ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ። የዛሬ ሃያ ዓመት ሱቅዎን በስህተት ያሸግኩት እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ አይደለህም። ያቺ ቀጭን ልጅ ናት።»

«እኔ ነኝ አልኩዎት!»

«ወተቴ ሱቁ ውስጥ ተቆልፎ የተበላሸብኝ እኔ አላውቅም? በማግስቱ በአይሱዙ መጣች። ወረቀቱን በቢላዋ ፋቀች። እጄ ነው ያጠፋው አለችኝ። ጽፋም ሰጠችኝ።»

ከንግድ ፈቃዳቸው ጋር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ልጆቻቸውም በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ ስለተማሩ አማርኛውን አያነቡትም፤ ለጎረቤት ደግሞ አላሳዩትም።

«የግብር ሰው የሰጠውን ወረቀት የሚጥል ነጋዴ አይተሃል? አንተ የዚያ ቤት ሰው ከሆንክ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጣቴን ከቃል ቃል እያሻገርኩ። «የወይዘሮ ሐሊማን ሱቅ በስህተት ያሸግኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሌላ ሰው አልነካውም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ከታች የጽጌ ፊርማ።

«አየህ!» አሉኝ አዴ ሐሊማ። «ውሸታም።»

ሻሸመኔ፣ ዘጠኝ ሰዓት

መመለስ ይሻለኝ ነበር። ግን ሰው የሠራውን ሲቀማ ዝም ይላል? አዳራሹ ሞልቷል። ጽጌ መድረኩ ላይ፣ ከረጅሙ ወንበር፣ የታሸገ ውሃ ፊቷ ተደርድሮ። ጫማዋ እንደ መስታወት ያበራል፤ ቡልቡላ ላይ ያደረገችው ሸራ ነበር። ስለ ደረሰኝ ስትናገር ነጋዴው ሁሉ ይጽፋል። ያንን ሁሉ ሰው ያስጻፈች ምላስ የእኔ አለመሆኗ አንገበገበኝ።

እጄን አወጣሁ፤ ማይክ ሰጡኝ። ኪሴ ያለው ወረቀት «አንቺ» ይላል፣ አፌ ግን «እርስዎ» አለ።

«የቡልቡላውን ሱቅ ያሸግኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። መነጽሯን አወለቀች።

«ጋሽ ደምሴ! ወረቀቱን ያስያዝኩዎት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያሸግኩትም እኔ ነኝ። ከመስክ ይውጡ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ማንበብ አይችሉም ነበር። አሁንስ?»

«አሁን እችላለሁ። የጻፉትን ዛሬ አነበብኩት።»

«እንግዲያው ተስማማን። ይቀመጡ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። የተጨበጨበው ለእሷ ነው። የእኔም እጅ ሊያጨበጭብ ሲል ጉልበቴ ላይ ጫንኩት።

አዳማ

በማግስቱ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ በላይነሽ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አሳፈርካት?»

«ይቀመጡ አለችኝ።»

«ተቀመጥክ?»

«ተቀመጥኩ።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከጉዞው ያገኘሁትን ልናገር። ጥፋቱን በእኔ ላይ ጥላ የወጣች መስሎኝ ሃያ ዓመት ጠላኋት፤ ለካ ተሸክማው ነው የወጣችው። ይህ ግን ቅናቴን አላበረደውም፣ ጨመረበት እንጂ። ከመስክ ያስወጣችኝ እሷ ናት፤ ማንበብ የተማርኩትም በዚያው ንዴት ነው። ባዶ ሳጥኑን እንድትቆጥር ያሳየኋትም በስሟ ቀረ። በዚያ ሁሉ ዘመን የራሴ የምለው አንድ ትልቅ ነገር ያ ስህተት ነበር። ቡልቡላ ሄዳችሁ አረንጓዴውን በር ማን አሸገው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አዴ ሐሊማ ፌስታሉን ፈትተው የሚያሳዩአችሁ የእሷን ስም ነው።