ኒካሁ የቆመበት ቀን

የምሠራው ከሚሴ፣ እንስሳት ክሊኒክ ነው። ባሌንም ያወቅሁት እዚያው ነው፤ ከሰንበቴ ገበያ የገዛው በሬ ታሞበት ይዞት መጣ። እኔ ስመረምርም ሳወራ፣ መርፌ ስወጋም ሳወራ፣ እሱ የበሬውን ቀንድ ይዞ ያዳምጠኛል። ሲሄድ ለምስጋና «ጀዛኪላህ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። በሳምንቱ ምንም ያልታመመች ፍየል እየጎተተ ተመለሰ።

ሽማግሌ ሲልክ ዘመዶቼ ደስ አላላቸውም። እኔ ዲፕሎማ አለኝ፤ እሱ ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ ከብት ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። አክስቴ «አንቺ ወሬ አታቆሚ፣ እሱ ወሬ አይጀምር፤ እንዴት ልትኖሩ ነው?» አለችኝ። እኔ ግን ወድጄው ነበር።

የኒካሁ ቀን ቀትር ላይ ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ሼሁን ከበው ተቀምጠዋል። እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ነኝ። የአክስቴ ልጅ እየሮጠች ገባችና በጆሮዬ «ታላቅ ወንድሙ ለሰው ሁሉ እያወራ ነው። ከነገ ጀምሮ ሥራዋን ትታ እኛ አገር ሰንበቴ ገብታ እቤቷ ትቀመጣለች እያለ ነው» አለችኝ።

«እሱስ ምን አለ?»

«አጠገቡ ነው። ዝም ብሏል።»

ወዲያው የኒካሁ ሁለት ምስክሮች ፈቃዴን ሊጠይቁ የጓዳው በር ላይ ቆሙ። አባቴ ስለሞተ የሚድረኝ አጎቴ ነው።

«አጎትሽ እንዲድርሽ ፈቅደሻል?» አለኝ አንደኛው።

እኛ ዘንድ ልጃገረድ አፍራ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ትንሽ ብቆይ ፈቅዳለች ብለው ሊሄዱ ነው።

«አልፈቀድኩም» አልኩ። «መጀመሪያ እሱ ይጠየቅልኝ። ሥራዋን አስተዋታለሁ ብሏል ወይ?»

«ማል ጄቴ?» አለ ሁለተኛው በኦሮምኛ፣ ምን አለች ማለቱ ነው፤ ያልኩትን በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ጓደኛው ደገመለት። እናቴ ክንዴን ለቀቀችኝ።

ምስክሮቹ ቃሌን ዳሱ ውስጥ ላሉት አደረሱ። አጎቴ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ! ኒካሁ ይለቅና ትነጋገራላችሁ።»

«ካለቀ በኋላማ ማን ይሰማኛል?»

ውጭ ወንድሙ «ተነሱ፣ እንሂድ!» እያለ ይጮሃል። ያመጣቸው ሚኒባስ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰማሁ። ወደ ዳሱ በኩል ባለው ግድግዳ ተጠግቼ አዳመጥኩ።

«ቆዩ» አሉ ሼሁ። «መጠየቅ መብቷ ነው። አንተ፣ ወንድምህ ያለው ያንተ ቃል ነው?»

ሼሁ ደግመው ጠየቁት።

«ዝም አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ተናገር። ልጅቷም ትስማህ።»

«ሥራዋን አትተውም። ቤት የምንከራየው ከሚሴ ነው። ለገበያ ሰንበቴ የምመላለሰው እኔ ነኝ።»

ወንድሙ «ገና ሳትገባ አዘዘችህ!» ብሎት ከዳሱ ወጣ። ምስክሮቹ ተመልሰው መጡ። «ፈቅጃለሁ» አልኩ፣ ማንም እንዳይሳሳት ጮክ ብዬ።

ወንድሙ የሠርጉን ምግብ ሳይቀምስ ሄደ፤ ሴት ልጃችን እስክትወለድ ድረስም ደጃችንን አልረገጠም። እናቴ ለሳምንት አኮረፈችኝ።

በቅርቡ ባሌን «ያን ቀን ባልጠይቅ ኖሮ ትናገር ነበር?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ።

አለመዋሸቱን ወደድኩለት። እራት ላይ ግን ብዙም አላወራሁም።