ያለ ሀዘን የለበስነው ጥቁር

የእኛ ባንድ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ከዚህ ውስጥ ባንድ ሊባል የሚገባው አራቱ ብቻ ነው፤ የቀረውን እኔ ብቻዬን በግትርነት ጎተትኩት። ስሙን አልጽፈውም። በሃያ ዓመታችን ያወጣነው ስም ነው፤ ዛሬ ጮክ ብዬ ብጠራው ጎረቤት ይስቅብኛል።

ሦስት ነበርን። እኔ ኦርጋን እጫወታለሁ። ጊታር የሚጫወተው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ያደገ ሙስሊም ጓደኛዬ። ድምፃዊያችን ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ድምፁ ከመወፈሩ የተነሳ ተሳፋሪ ሲጠራ የሚያስፈራራ ይመስላል። ከበሮ መቺ አልነበረንም። ምቱን ኦርጋኑ ራሱ ይመታልን ነበር፤ መብራት እስካልጠፋ ድረስ።

ነገሩ የጀመረው ድምፃዊው ከአንድ መንገደኛ ተቀብሎ ባመጣው ፍላሽ ነው። ውስጡ የፈረንጅ ቪዲዮ ነበር። ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ፣ ዓይናቸውን የተኳሉ፣ ከራስ እስከ እግር ጥቁር የለበሱ ሰዎች ጭስ መሀል ቆመው ይጫወታሉ። ዘፈኑ ዝግ ያለና ከባድ ነው። ቃሉ አልገባንም፤ ሀዘኑ ግን ገባን፤ ትዝታ እየሰማ ላደገ ሰው ለዚያ እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። እኛም እንደነሱ እንሁን ተባባልንና ስለ ሮቢ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ተዘጋ ቤት፣ ጥላን ስለሄደች ልጅ የራሳችንን ዘፈን መሥራት ጀመርን።

ለመድረክ ልብስ የሚሆነውን ጨርቅ ከጊታሪስቱ አባት ሱቅ ወሰድን። ጋሼ መቀሱን ይዘው ቆም አሉ።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ማንም አልሞተብንም ጋሼ፤ ለሙዚቃ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ይህን የምሸጠው ለሀዘንተኛ ነው። ወላሂ፣ እየሳቀ የገዛኝ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም» አሉና ቆረጡልን።

ሸዋ ሮቢትን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል። በግንቦት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጥቁር እጅጌ ሙሉ ለብሶ ኦርጋን መጫወት ራስን መቅጣት ነው። የመጀመሪያ ቀን በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ የተቀባነው የሕፃን ፓውደር ከላብ ጋር ተቦክቶ ሊጥ ሆነ፤ ኩሉም ወርዶ አገጫችን ደረሰ። ሰው ሳቀ። በሦስተኛው ዘፈን መብራት ጠፋና ኦርጋኑ ጣውላ ሆኖ ቀረ፤ ድምፃዊው ግን አላቋረጠም። ያኔ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኔም በዚያ ጸጥታ ተታልዬ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ።

በሕይወታችን አንድ ጊዜ ብቻ ልብሳችን የሄደልን ደብረ ሲና ላይ ነው። እዚያ ብርድ አለ፤ ጉሙም ተገዝቶ የማይገኝ ነው፤ በመስኮት ገብቶ እግራችን ሥር ተኛልን። እንደ ሰው የተጨበጨበልን ያን ቀን ነው። ወደ ሮቢት ስንወርድ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሙቀቱ እየጨመረ፣ እኛም ወደ ነበርንበት እየተመለስን ሄድን።

እናቴ አንድም ቀን ስጫወት አላየችኝም። ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች፤ ከቀወት ገበሬዎች እየተረከበች ገበያ ላይ ትሸጣለች። ጥቁሩን ልብስ ያየች ቀን ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣ «እኔ በቁሜ እያለሁ ለማን ነው የምታዝነው?» አለችኝ።

«የመድረክ ልብስ ነው እማዬ።»

«ሟርት ነው። አውልቀው!»

ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። አባቴ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሷ በዚያ ሙቀት ጥቁር ለብሳ ገበያ ትውላለች፤ ማታ ስትመለስ ግን እኔ አልቀርባትም። ጥቁሩን ፈርቼ እጮሃለሁ፤ የምተኛው ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ አወለቀችው። አገር አማት፤ ባሏን ቶሎ ረሳች ተባለ።

«ላንተ ብዬ ነው ያወለቅኩት» አለችኝ። «አንተም ለእኔ ብለህ አውልቅ።»

እሺ አልኳት። ልብሱን ግን ጊታሪስቱ ቤት አስቀምጬ እዚያ እየቀየርኩ መጫወቴን ቀጠልኩ። ሮቢት ውስጥ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ያህል!

ባንዱን የበተነው ማጀቴ ከተማ የተጠራንበት ሰርግ ነው። ድምፃዊው በዘመድ በኩል ያገኘልን ሥራ ነበር፤ አስቀድመን ኦርጋን፣ ጊታርና ድምፃዊ ብለን ስለ ልብሳችን ምንም አልነገርናቸውም። ሙቀቱ ሳይመጣ እንድረስ ብለን አይሱዙ ላይ ተጭነን፣ ለብሰን ተሰናድተን፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ ደረስን። እንቅልፍ አጥተን ስለነበር አንዳችንም አናወራም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም፤ በማለዳ፣ ሰብሰብ ብለው በመጡ ዝምተኛ ሰዎች ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ግን በር ላይ የቆምነው እኛው ራሳችን ስለሆንን መርዶ ነጋሪ መምሰላችን አልታየንም።

የሙሽራው አክስት ደጅ እየጠረገች ነበር። ልጇ ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወራት አልፎታል። ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች በር ላይ ስታይ መጥረጊያዋ ከእጇ ወደቀ፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ልጄን! ልጄን!»

ወጥ ሲሠሩ ያደሩት ሴቶች እየጮሁ ወጡ። ኦርጋኑን ከመኪናው አውርደን፣ ምለን ተገዝተን እስክናስረዳ ድረስ ግማሹ ሰፈር አልቅሷል። ጋቢ አምጥተው ከላይ አለበሱን። አክስትየዋ ግን ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ቀረች። ይቅርታ ልንላት ሄድን።

«አልተቆጣኋችሁም ልጆቼ» አለችን። «ግን እንዲህ ሆናችሁ ሰው ቤት አትምጡ።»

ወደ ሮቢት ተመለስን። ድምፃዊው በማግሥቱ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ፤ ማይክ ዳግም አልያዘም።

እናቴ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ሰምታዋለች። «የሰው እናት አስደንግጠህ መጣህ?» ብቻ አለችኝ። በሚቀጥለው ገበያ አንድ ነጭ ሸሚዝ ገዝታ መጣች። «ይህን ለብሰህ የምትጫወት ቀን እመጣለሁ፤ ከፊት ነው የምቀመጠው» አለች። ሸሚዙን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ኦርጋን የሚጫወት በየሰርጉ ሞልቷል፤ ጥቁሩን ካወለቅኩ እኔ ማን ልባል ነው? እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሰው ሸሸ፣ ሰው ተመለሰ፣ ያልተመለሰም ብዙ ነው። በየበሩ ድንኳን ተተከለ። አንድ ቀን ጋሼ ሱቅ ስንገባ የጥቁር ጨርቁ መደርደሪያ ባዶ ሆኗል፤ ያለው ሁሉ ተሸጦ አልቋል። ጊታሪስቱ ባዶውን መደርደሪያ አየ። «ከእንግዲህ ይህን ልብስ ለጨዋታ አልለብስም፤ ጎረቤቶቻችን እውነቱን ለብሰዋል» አለኝ። ትክክል ነበር። እኔ ግን ከዳኸኝ ብዬ ለወራት አኮረፍኩት።

ብቻዬን ቀጠልኩ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ካለ ሆቴል እጫወታለሁ፤ የሚሰሙኝ ምሳ የሚበሉ የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው። አንዱ ጥብሱን እያላመጠ፣ «ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናህ፤ አሁን ደግሞ የሚያስጨፍር አምጣ» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ልብሱ በፀሐይና በላብ ብዛት ነጥቶ አመድ መስሏል፤ ጥቁር ነው ብዬ የማምነው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቴን ስኳር አሸነፋት። እግሯ አብጦ ገበያ መውጣት አቆመች። ድምፃዊው፣ «በባጃጅ አደርሳታለሁ፣ አንተ ቀኑን ብቻ ንገረኝ» ይለኛል። እሷም ትጠይቃለች።

«መቼ ነው?»

«ለፋሲካ እማዬ።» ፋሲካ አለፈ። «ለመስቀል» አልኳት። መስቀልም አለፈ። ሆቴሉ ከቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ወዲያ መጠየቋን ተወች፤ እኔም ረስታዋለች ብዬ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሐሙስ ጠዋት አረፈች። ለቀስተኛ ሳይሞላ ያን አመድ የመሰለ ልብሴን አውጥቼ መልበስ ጀመርኩ። ጋሼ አዲስ ጥቁር ጨርቅ በብብታቸው ይዘው መጥተው፣ «ያንን ተወው፤ ይህን ላሰፋልህ» አሉኝ። እትዬ፣ ያችው በልጅነቴ አቅፋ ያስተኛችኝ ጎረቤታችን፣ ከውስጥ ወጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ቃል አስቀምጣለች» አለችኝ። «ለእኔ ጥቁር እንዳይለብስ፤ ሀዘኔን በቁሜ ጨርሶልኛል ብላለች።»

«ተቆጥታ ነው እትዬ?»

«ኧረ ስቃ ነው ልጄ።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ጨርቁን መልሰው በብብታቸው ያዙት። እኔ ሻንጣውን ከፈትኩ። ነጩ ሸሚዝ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል፤ ስለብሰው ደግሞ አንገቱ አልቆለፍ አለኝ። የተገዛው ለቀጭን ልጅ ነበር። እንደዚያው ክፍቱን አድርጌ ቀበርኳት። ሰው ሲያንሾካሹክ ሰምቻለሁ፤ የእናቱ ነገር በእሱም ደረሰ፣ እናቱን ቶሎ ረሳት ተባለ።

በሣልስቱ ጊታሪስቱ ከጎኔ ተቀምጧል። ከመድረክ የቀረችውን ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። «በእኛ ቤት ለሀዘን ጥቁር አይለበስም» አለኝ በጆሮዬ። «ግን አንተ ካልለበስክላት ማን ይልበስላት?» ያን ያህል ወራት አኩርፌው ይህን ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ።

ከቀወት የመጡ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑን ገቡ። ለእናቴ ዓመታት ሽንኩርት ያስረከቡ ሰው ናቸው፤ እኔን ግን አያውቁኝም። ዓይናቸው ጥላውን እስኪለምድ ቆመው ሀዘንተኛውን በልብሱ ፈለጉ። እኔን አለፉኝና የጓደኛዬን እጅ ያዙ።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ። እናትህ ሚዛን የማታጎድል ሴት ነበረች።»

ጓደኛዬ ከመቀመጫው ተነሣ። «የሀዘኑ ባለቤት እሱ ነው አባባ» አላቸው።

ሽማግሌው ዞር ብለው ሸሚዜን አዩ፤ ያልተቆለፈውን አንገቴንም።

«ልጇ አንተ ነህ? ታዲያ ምነው ነጭ ለበስክ?»

«የገዛችልኝ እሷ ናት አባባ» አልኳቸው። «እስከ ዛሬ ሳልለብስላት ቆይቼ ነው።»